ሶዶ ላይ የሠራነው የበረዶ ቤት

ሰው በብዙ ነገር ይኮራል። አንዱ በዘሩ፣ አንዱ በጠመንጃው፣ አንዱ በሰጋር በቅሎው። እኔ የምኮራው በበረዶ ቤት ነው። አትሳቁ። ከዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ ሶዶ ከተማ ውስጥ፣ በረዶ ወርዶ የእንሰት ቅጠል ከመበጣጠስ በቀር ሌላ ሙያ እንዳለው ማንም በማያውቅበት አገር፣ የበረዶ ቤት ያሠራሁ ሰው እኔ ነኝ። ከእኔ በፊት ያሠራ ካለ ይምጣና ይናገር። እስከ ዛሬ አልመጣም።

ነገሩ የሆነው ጣልያን ሳይገባ በፊት ነው። አዲስ አበባ ተምሬ፣ ፈረንሳይኛ ቀመስ ቀመስ አድርጌ፣ ከእኔ ወዲያ አዋቂ የለም ብዬ ባመንኩበት ዕድሜ ሕፃናት እንዳስተምር ወደ ሶዶ ተላክሁ። ትምህርት ቤቱ ከገዥው ግቢ በታች ያለች አንዲት የሣር ቤት ነበረች። ግማሾቹ ተማሪዎቼ ከሰሜን የመጡ የሹማምንትና የወታደር ልጆች ናቸው። የቀሩት የአገሬው ልጆች ናቸው፤ ቤታቸው ወላይትኛ ይናገራሉ፣ አማርኛውን ከእኔ ይማራሉ። እኔም በተራዬ ወላይትኛ ከእነሱ እማራለሁ። ማንኛችን የተሻልን ተማሪ እንደነበርን ባትጠይቁኝ ደስ ይለኛል። አንድ ቀን በወላይትኛ «ተቀመጡ» ያልኩ መስሎኝ ምን እንዳልኩ አላውቅም፤ የክፍሉ ግማሽ ብድግ ብሎ ወጣና ውሃ ቀድቶ መጣ።

ከአዲስ አበባ ስወርድ የዓለምን ሕዝቦች የሚያሳይ የሥዕል መጽሐፍ ይዤ ነበር። ትልቅ ሀብቴ እሱ ነው። ታዲያ ወንዝ ስንሻገር የተሸከመው አጋሰስ ውሃው ተስማምቶት መሰለኝ መሐል ላይ ጋደም አለ። መጽሐፉን ፀሐይ ላይ ባሰጣው ገጹ ሁሉ ተጣብቆ ቀረ። ቻይና ከሕንድ ጋር ተጣብቃ በቢላዋም ልትላቀቅ አልቻለችም። የተረፉት የግብጽ ነገሥታት መቃብር፣ የሆላንድ የነፋስ ወፍጮ፣ በሰሜን ጫፍ የሚኖሩ ሰዎች የበረዶ ቤትና የአንዲት የጃፓን ሴት ጃንጥላ ብቻ ናቸው። ሴትዮዋ ራሷ የለችም። ሌላው የዓለም ሕዝብ ወንዝ ገባ።

መጀመሪያ በአፌ አስተማርኩ። ልጆቹ ጨዋ ስለሆኑ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። አንጁሎ የሚባል የአንድ ገበሬ ልጅ ብቻ ዓይኑን አፍጥጦ ቆየና እጁን አነሣ። አማርኛችን «እርስዎ» የሚለው ላይ ገና አልደረሰም ነበር።

«የኔታ፣ እነዚህ ሰዎች እውነት ናቸው ወይስ ተረት?»

«እውነት ናቸው።»

«አንተ አይተሃቸዋል?»

«እኔ እንኳ አላየኋቸውም።»

«ማን ነገረህ?»

«መጽሐፍ።»

ወደ ጓደኞቹ ዞሮ በወላይትኛ አንድ ነገር አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ምን እንዳለ አልገባኝም፤ ስለ እኔ እንደሆነ ግን ለመረዳት ቋንቋ አያስፈልግም።

ያን ዕለት ቁርጥ አድርጌ ወሰንኩ። የነገርኳቸውን ካላመኑ በገዛ እጃቸው ይሥሩት አልኩ። በማግስቱ ጭቃ አቦካን፣ ቀርከሃ ሰነጠቅን፣ ለቀለም ቀይ አፈርና ከሰል ፈጨን፣ እርድ በጠበጥን። ልጆቹ እስከ ቅንድባቸው ቢጫ ሆኑ። የእኔን ሱሪ ነገርማ አታንሡብኝ።

በግብጽ ጀመርን። ከትምህርት ቤቱ ደጅ፣ መንገዱ ዳር፣ ከጭቃ ሾጠጥ ሾጠጥ ያሉ የግብጽ መቃብሮች ተርታውን ሠራን። በጣም አምረው ነበር። ልጆቹ ደክሟቸው፣ ፊታቸው በጭቃ ተለቅልቆ፣ መቃብሮቹን ከብበው ዝም ብለው ተቀምጠዋል። በዚህ ጊዜ ወደ ገበያ የሚሄዱ አንድ ሽማግሌ ደረሱ። ቆም ብለው አዩ፤ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«የማን መቃብር ነው?» ብለው ጠየቁ።

አንጁሎ ኮራ ብሎ መለሰ፤ የመለሰውም ያስተማርኩትን ነው።

«የንጉሥ።»

ሽማግሌው ሌላ ጥያቄ አልጠየቁም። ባርኔጣቸውን እንደያዙ ወደ ገበያ ሮጡ። እኔ ውስጥ ሆኜ እጄን እየታጠብኩ ነበር። ሳሙናውን ሳላስቀምጥ ከገበያ በኩል ዋይታ ሰማሁ። ማን ሞቶ ነው ብዬ ራሴ ከንፈሬን መጠጥኩ። ትንሽ ቆይቶ ባላምባራስ ጠመንጃ የያዙ ሰዎች አስከትለው ደጄ ላይ ቆሙ።

ባላምባራስ የገዥው የግምጃ ቤት ሹም ናቸው። የትምህርት ቤቷን ጎጆ ለእህል ማስቀመጫነት እኔ ሳልመጣ ጀምሮ ተመኝተዋታል። ገዥው ፊታውራሪ እያንዳንዱ ሹም ልጁን ያስተምር ብለው ስላዘዙ ወንዶቹን ለሥራ አስቀርተው ትንሿን ልጃቸውን ትርንጎን ልከውልኝ ነበር። ያን ቀን ፊታቸው እንደ በርበሬ ቀልቷል።

«ማነው የሞተው?» አሉኝ።

«እኔም ልጠይቅዎ ነበር» አልኩ።

«አትቀልድ! ንጉሥ ሞተ ብለህ አገር አስለቅሰሃል። የዚህ ቅጣቱ ምን እንደሆነ ታውቃለህ?»

ያኔ ነው ዓይኔ ከመቃብሮቹ ላይ ያረፈው።

«ፈርዖን ነው ጌታዬ። የሞተው ፈርዖን ነው።»

«ፈርዖን? መቼ?»

«ቆይቷል።»

ባላምባራስ ዳዊት ደጋሚ ናቸው፤ መጽሐፍ ላይ ቀልድ አያውቁም። ቀረብ ብለው መቃብሩን በበትራቸው ነካ ነካ አደረጉት።

«ፈርዖን ባሕር ገብቶ ሰጥሞ የለም እንዴ? የሰጠመ ሰው ምን መቃብር አለው?»

«ያኛው ሌላ ነው። ፈርዖን ብዙ ነው።»

«ብዙ ነው?» አሉ። ደነገጡ። አንዱ መች አነሰን የሚሉ ይመስሉ ነበር።

ትርንጎ በዚህ መሐል በጭቃ እጇ የአባቷን ጃኖ ይዛ፣ «አባባ፣ ይሄ የእኔ ፈርዖን ነው። ከወርቁ ጋር ቀብሬዋለሁ» አለች። ጠመንጃ ከያዙት አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ባላምባራስ ጃኖአቸውን ነጥቀው ሄዱ። ለቅሶው በስንት ልመና በረደ፤ እንዲያም ሆኖ በማግስቱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከሻንቶ በኩል የመጡ ለቀስተኞችን እየለመንን መልሰናል።

ነገሩ ግን በዚህ አልቆመም። ፊታውራሪ፣ «ይህ ሰው ልጆቹን ምን እንደሚያስተምር ቅዳሜ በዓይኔ አያለሁ» ማለታቸው ተነገረኝ። ባላምባራስ ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ፤ ሲነግሩኝም የጎጆዋን ቁመትና ወርድ በዓይናቸው እየለኩ ነበር። ፊታውራሪ ደስ ካላላቸው ልጆቹ ወደየቤታቸው፣ እህሉ ወደ ጎጆዬ፣ እኔ ወደ መጣሁበት ነው።

ሰው እንዲህ ሲጨንቀው ዝቅ ብሎ ይሠራል። እኔ ግን ጭራሽ ብሶብኝ፣ ፊታውራሪን የማሳያቸው የበረዶ ቤት ነው አልኩ። ልጆቹን ሰብስቤ ሥዕሉን አሳየኋቸው።

«ከበረዶ ነው የሚሠሩት?» አለ አንጁሎ።

«አዎ።»

«ከዚህ ከሚወርደው?» ብሎ ወደ ሰማይ ጠቆመ።

«ከእሱ ዓይነት። አገራቸው ሙሉ በሙሉ በረዶ ነው።»

«እንሰታቸውስ?»

«እንሰት የላቸውም።»

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ በፊት ስለ ዓለም ከነገርኳቸው ሁሉ እንዲህ ያስደነገጣቸው የለም።

ከምን እንሥራው? ጥጥ አሰብኩ፤ ይወድቃል። አመድ አሰብኩ፤ የበረዶ ቤት ሳይሆን የተቃጠለ ቤት ይመስላል። ልጆቹ በወላይትኛ ተንሾካሾኩና ነገ እናመጣለን አሉኝ። ምን እንደሚያመጡ አልጠየቅሁም። በማግስቱ ጠዋት እያንዳንዳቸው በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ይዘው መጡ። ፈታሁት፤ ቡላ ነው። ከእንሰት ተፍቆ፣ ተጨምቆ፣ ረግቶ የሚወጣው ነጩ፤ ለአራስና ለክቡር እንግዳ ተብሎ የሚቀመጠው። እንደ ጨረቃ ያበራል። እናቶቻቸው ፈቅደው እንደሆነ መጠየቅ ነበረብኝ። ነገር ግን ነጭነቱ ልቤን ሰወረው።

ንጹሕ የእንሰት ቅጠል አንጥፈን ሥራ ጀመርን። ልጆቹ ቡላውን እየጠፈጠፉ እንደ ጡብ ይቆርጣሉ፣ እኔ እደረድራለሁ። እኔ ስደረድር ይናዳል። ኋላ እኔ ቆራጭ ሆንኩ፣ እነሱ ደርዳሪ፤ ቤቱም ቆመ። ክብ፣ ነጭ፣ በር ያለው፣ አንድ ሕፃን ተስቦ የሚገባበት ቤት። አንጁሎ ዞሮ ዞሮ አየውና፣ «የኔታ፣ ይሄ እኮ የእኛ ቤት ነው፤ ሣሩ ነው የሌለው» አለኝ። እውነትም የወላይታ ቤት ሞገስ ነበረው። ደረቴን ነፍቼ ቆምኩ። የነፋሁት ደረት ሳይተነፍስ የእናቶች ሰልፍ ከታች ብቅ አለ።

ከፊት የምትመራው የአንጁሎ እናት ነበረች። አማርኛ የለመደችው ከገበያ ነው፤ በእሷ አማርኛ ወንድ የሚባል ፍጥረት የለም። የእኔን ወላይትኛ ለሰማ ግን የእሷ አማርኛ ቅኔ ነው።

«አንቺ መምህር!» አለችኝ። «ልጄ ቡላ ይዛ መጣች። የት አለች?»

«ማን? ልጁ ወይስ ቡላው?»

«ቡላ!»

በጣቴ ቤቱን አሳየኋት። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ብዙ አየችው። ሌሎቹም ከኋላዋ ቆመው አዩ። እኔ ከዚህ በኋላ የሚሆነውን አውቄ ዓይኔን ጨፈን አድርጌ ነበር።

«ምንድነች ይቺ?» አለች።

«ቤት ነው። በሩቅ አገር ያሉ ሰዎች ከበረዶ ነው ቤታቸውን የሚሠሩት።»

«ሣር የላቸውም?»

«የላቸውም።»

«እንጨት?»

«የለም።»

«ላምስ?»

«የለም።»

«እንሰት?» ይህን የጠየቀችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው።

«እንሰትም የለም። ዓሣና የባሕር አውሬ ይበላሉ።»

ለሌሎቹ በወላይትኛ ተረጎመችላቸው። ሁሉም ከንፈራቸውን መጠጡ። አንዷ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። የአንጁሎ እናት ከቤቱ አጠገብ ቁጢጥ አለች።

«እናቶቻቸው ምን ያደርጋሉ?» አለችኝ። «ልጅ ስታለቅስ ምን ይሰጣሉ?»

አዲስ አበባ ይህን አላስተማሩኝም። አላውቅም አልኳት። ጥቂት አሰበችና ተነሣች።

«እሺ። ፊታውራሪ እስክትመጣ ትቀመጥ። ስትሄድ እኔ ቤቴን እወስዳለሁ። ቆሻሻ ከነካት፣ አንቺን ነው የምጠይቅ።»

እኔም ቡላውን የሚሸፍን ንጹሕ ቅጠል ስለውጥ፣ ዶሮ ሳባርር፣ ቅዳሜ ደረሰ።

ፊታውራሪ በበቅሎ መጡ። ሽበታም፣ ዝምተኛ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰው ናቸው። ከዛፍ ሥር ወንበር ቀረበላቸው። ባላምባራስ ከጎናቸው ቆሙ። እናቶች ራቅ ብለው ከአጥሩ ሥር ተቀምጠዋል። ልጆቹ ታጥበዋል፤ እርዱ ግን አልለቀቀም።

ትርንጎ ወጥታ እጅ ነሣችና በግብጽ ጀመረች።

«ይህ የግብጽ ንጉሥ መቃብር ነው። ሲሞት ከወርቁ ጋር ይቀብሩታል።»

«ወርቁ አሁንም አለ?» አሉ ፊታውራሪ።

«የለም። የሚጠብቁት ሰዎች ሰረቁት።»

ፊታውራሪ ወደ ግምጃ ቤት ሹማቸው ቀስ ብለው ዞሩ። ባላምባራስ ሰማዩን ማየት ጀመሩ።

ቀጥሎ የሆላንድ ወፍጮ መጣ። ከቀርከሃ የሠራነው ነው። ጠዋቱን ሙሉ ሲያሽከረክረው የዋለው ነፋስ ፊታውራሪን ሲያይ ጸጥ አለ። ልጆቹ ከኋላ ሆነው እፍ እፍ አሉበት፤ ጉንጫቸው ሊፈነዳ ደረሰ። በድንገት ከዳሞታ በኩል አንድ ኃይለኛ ነፋስ ወርዶ ወፍጮውን ዞር ዞር አድርጎ ነቀለውና በባላምባራስ ራስ ላይ አሳልፎ አጥር አሻገረው። ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ወፍጮውን አየ። የበቅሎዋን ልጓም የያዘው አሽከርም አየ። በቅሎዋ ግን ለሆላንድ ደንታ አልነበራትም።

ዘወር ስንል በቅሎዋ የበረዶውን ቤት ጣሪያ በልታ ግድግዳው ላይ ደርሳለች።

ማን ይንካት? የፊታውራሪ በቅሎ ናት። አሽከሩ ደርቆ ቀረ። ወታደሮቹ ፊታውራሪን ያያሉ፣ ፊታውራሪ በቅሎዋን ያያሉ። ባላምባራስ ፈገግ ብለው እኔን ያያሉ። ልጆቹ ግን ሁሉም የሚያዩት ከንፈሩ የሚንቀጠቀጠውን አንጁሎን ነበር። እኔ አንድ እግሬን አንሥቼ የት እንደማሳርፈው ጠፋኝ።

ከአጥሩ ሥር እናቱ ብድግ አለች። በወታደሮቹ መሐል ሰንጥቃ አልፋ የበቅሎዋን ጆሮ ጨመደደች።

«ሂጂ! ሂጂ አንቺ ሌባ!»

በቅሎዋ ሴት ስለነበረች ለአንድ ጊዜ አነጋገሯ ልክ ነበር። አንዱ ወታደር ሴትዮዋን ሊይዝ ተራመደ። ፊታውራሪ የዝንብ ጭራቸውን ከፍ ሲያደርጉ ወታደሩ ቆመ።

«ምንሽን በላችብሽ?» ብለው ጠየቋት።

«ቡላ ናት ፊታውራሪ። ቤት ናት። የበረዶ ሰዎች ቤት ናት።»

«የበረዶ ሰዎች እነማን ናቸው?»

የበቅሎዋን ጆሮ እንደጨበጠች ነገረቻቸው። ሣር እንደሌላቸው፣ እንጨት እንደሌላቸው፣ እንሰት እንደማያውቁ፣ ዓሣ እየበሉ በበረዶ ውስጥ ልጅ እንደሚያሳድጉ። «ጎበዞች ናቸው» ብላ ጨረሰች። ትምህርቴን አንድ ቃል ሳትጥል ሰጠቻቸው። ያልተመዘገበች ተማሪ እንደነበረችኝ ያወቅሁት ያኔ ነው።

ፊታውራሪ አንጁሎን በጭራቸው ጠሩት።

«እንግዲህ በቅሎዬ ቤታቸውን በላችባቸው። አሁን እነዚያ ሰዎች የት ይደሩ?»

አንጁሎ አፍንጫውን ጠረገ። «እኛ ቤት ይመጣሉ» አለ። «ቤታችን ሰፊ ነው። ከብቶቹን ወደዚያ ጠጋ እናደርጋለን።»

«አማርኛም ወላይትኛም አያውቁም። በምን ታነጋግራቸዋለህ?»

«መጀመሪያ እናበላቸዋለን» አለ። ቀጥሎ ጣቱን ወደ እኔ ዘረጋ። «እሱም ሲመጣ ምንም አያውቅም ነበር።»

ወታደሮቹ ሳቁ፤ ባላምባራስም ሳቃቸው አመለጣቸው። እኔም ሳቅሁ ልበላችሁ? ወደ አጥሩ ዞሬ የተሰበረውን ወፍጮ የምፈልግ መሰልኩ። ለካ እነዚህ ልጆች ገና ስመጣ ጀምሮ ሲያስተናግዱኝ ኖረዋል። ጠዋት ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ የማገኘውን የተቀቀለ ጎደሬ ማን እንደሚያስቀምጥ አስቤውም አላውቅ።

ፊታውራሪ እየተደገፉ ተነሡ።

«ባላምባራስ» አሉ፣ «ለእህልህ ሌላ ጎጆ አሠራ። ለዚች ሴትና ለጓደኞቿም በቅሎዬ የበላችውን ያህል ቡላ ይግባላቸው።»

በቅሎዋ ላይ ወጥተው ሄዱ። የአንጁሎ እናት የተረፈውን ግድግዳ በቅጠል ጠቅልላ በራሷ ተሸክማ ወጣች። አጠገቤ ስትደርስ ቆም አለች።

«አንቺ መምህር፣ ደህና ነሽ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው አመስግኖኛል፤ አንዱም ይህን አያክልም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንዲት ፈረንጅ በመንገዱ ስታልፍ በደጃችን ቆመች። የከተማው ልጅ ሁሉ ያኔ ፈረንጅ ሲያይ ወይ ይሸሻል ወይ ዛፍ ላይ ይወጣል። የእኔዎቹም ሊሸሹ ጀምረው ነበር። ትርንጎ ግን ቀስ ብላ ተጠጋቻትና እጇን ያዘቻት።

«እናንተ አገር ቤት ከምንድን ነው የሚሠራው?» አለቻት።

ሴትዮዋ ከተሰባበረው አማርኛዋ ውስጥ ፈልጋ ፈልጋ፣ «ከድንጋይ» አለች።

ትርንጎ እጇን ሳትለቅ ወደ ጓደኞቿ ዞረች።

«ኑ፣ ኑ» ብላ ጮኸች። «ከድንጋይ ነው አሉ! በቅሎ አትበላባቸውም! ደህና ናቸው!»